ከሐዲያ የወጣችው ልጅ፦ እሌኒ መንገዷን እስክታገኝ

ሆሳዕና ላይ ሆስፒታሉ የት ነው ብትሉ የትኛውም ባጃጅ ያደርሳችኋል። ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል። ስሙን በሩ ላይ፣ ካርድ ላይ፣ ሪፈር ወረቀት ላይ ስናየው ኖረናል። ግን «እሌኒ» እና «መሐመድ» እንዴት አንድ ላይ መጡ ብሎ ቆም ያለ ከመካከላችን ስንቱ ነው? የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾ ተከታታዮቻችን፣ ዛሬ የባለ ስሟን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው 1400ዎቹ ነው። ያኔ ሐዲያ ሲባል የዛሬውን ዞን ብቻ አታስቡ፤ ከዚያ በጣም የሰፋ፣ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ግብር የሚከፍል የሙስሊም መንግሥት ነበር። በ1300ዎቹ የጻፈው አረብ አል ዑመሪ የሐዲያ ንጉሥ 40,000 ፈረሰኛ እንዳለው መዝግቧል። ቁጥሩን ለግማሽ ብትቀንሱት እንኳ ቀላል ጎረቤት አይደለም። ገዢው ገራድ ይባላል። እሌኒ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የተወለደች ልጅ ስታድግ ምን ትሆናለች? ምርጫው የእሷ አልነበረም። ሐዲያና ቤተ መንግሥቱ ሰላማቸውን ከሚያስሩባቸው ገመዶች አንዱ የገራድ ልጅ ነበረች፤ ወደ ንጉሡ ትላካለች፣ ትጠመቃለች፣ አዲስ ስም ታገኛለች። ይሄ ነገር ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ከኋላ ዘመን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ሌላ የሐዲያ ገዢ ልጅ ለንጉሡ መጥታ የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ ናቸው ተብላ ሳትፈለግ ቀረች። ግን ተጠምቃለች፤ ወደ አባቷ መመለስ አይቻልም። ለአንድ መኮንን ዳሯት። አለቀ። ወደ ኋላ መመለሻ የሌለው መንገድ ማለት ይሄ ነው።

እሌኒን ያገባት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው (1434 እስከ 1468)። በዜና መዋዕሉ ቀኝ በዓልቴሐት ትባላለች፤ የቀኝ ንግሥት ማለት ነው። ማዕረጉ ትልቅ ነው፣ ኑሮው ግን ሰላም አልነበረም። ዘርዓ ያዕቆብ ሊቅም ነበር፣ ደራሲም ነበር፣ ሲቆጣ ግን የገዛ ቤተሰቡንም አይምርም። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ንጉሡ ካስደበደባት በኋላ ነው የሞተችው። ልጁ ራሱ በእደ ማርያምም ከጅራፍ አላመለጠም።

ከዚያ ደግሞ የወንድሟ ጉዳይ መጣ። የአባቷን ሥልጣን የያዘው ወንድሟ ማሒኮ አመፀ፣ ግብር አልልክም አለ። ንጉሡ ሌሎቹ የሙስሊም አገሮች ከሐዲያ ጋር እንዳይተባበሩ ሰጋ። የማሒኮ አጎት ባሞ ከንጉሡ ጋር ወገነና በምትኩ ተሾመ፤ ማሒኮ ሸሸ፣ የዳሞት ወታደሮች ተከታትለው ገደሉት። እስኪ አስቡት፦ ገዳዩ የባልሽ ጦር፣ ሟቹ ወንድምሽ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አጎትሽ።

በዚያ ዜና መዋዕል ውስጥ ማዕረጓ አለ፣ የአባቷ ስም አለ፣ የወንድሟ አመፅ አለ። እሷ ግን አንድ ቃል አትናገርም። ዛሬ ቢሆን አንገቷን የደፋች፣ ዓይን አፋር ምናምን እንላት ነበር። እኛ ግን ዝምታዋን ፍርሃት ብቻ አድርገን አናነበውም። በዚያ ቤት ብዙ የተናገረ ብዙ አልቆየም። እሷ ቆየች። ደግሞ በዝምታዋ ጊዜ እየተማረች እንደነበር በኋላ ታየ።

ዘርዓ ያዕቆብ በ1468 ሲሞት እሌኒ ልጅ የሌላት የንጉሥ መበለት ሆነች። በዚያ ዘመን ደንብ ታሪኳ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። እናቱን ያጣው በእደ ማርያም ሲነግሥ እሌኒን በእናት ቦታ አከበራት። የእሱ ዜና መዋዕል ሲያወድሳት ሃይማኖት ታውቃለች፣ ሕግ ታውቃለች፣ የንጉሥ ማዕድ እንዴት እንደሚሰናዳም ታውቃለች ይላል። የመጨረሻውን «ወጥ ቤት» ብላችሁ እንዳትንቁት። ግብር ላይ ማን የት ይቀመጣል፣ ለማን ምን ይቀርባል የሚለው ያኔ ትልቅ ፖለቲካ ነው።

ቀጥሎ መንገዱ እንደገና ታጠፈ። በ1478 እስክንድር ገና ሕፃን ሳለ ሲነግሥ ሥልጣኑ እናቱ ሮምና እና ብትወደድ ዓምደ ሚካኤል ጋ ሄደ። እሌኒ ከመሃል ወጣች። በ1494 እስክንድር ሞተ፤ ትንሽ ልጁ ነግሦ ወራት ብቻ ቆየ፣ ከዚያ ናዖድ መጣ። ንጉሥ በንጉሥ ሲተካ የቤተ መንግሥቱን ነገር ከሥር ከመሠረቱ የምታውቀው ሴት ግን አለች። በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ ተልኮ መጥቶ ነበር፤ መሬትም ሚስትም ሰጡት፣ መውጫ ግን ከለከሉት። እዚሁ ቀረ። የሩቁን ዓለም ወሬ ከእሱ መስማት ይቻል ነበር።

በ1508 ናዖድ ሲሞት ልጁ ልብነ ድንግል 12 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ያኔ ነው እሌኒ በግልጽ ወደ ፊት የወጣችው፤ አሮጊት ሆና፣ ከጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ጋር ሆና ልጁን አነገሠች፣ በስሙም አገር መራች።

አሁን የሐዲያ ልጅነቷ ሥራ ላይ ዋለ ብለን እናምናለን። ሁለቱንም ዓለም ከውስጥ ታውቃለች። ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ንግዱም ሰላሙም እንዲቀጥል ትፈልግ ነበር፤ ግን በቀይ ባሕር ላይ ኃይል ሲለዋወጥ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ፖርቱጋሎች በ1498 ሕንድ ደርሰዋል። እሷም በ1509 አካባቢ ለንጉሣቸው ለማኑኤል ደብዳቤ ጻፈች፦ እናንተ መርከብ አላችሁ፣ እኛ የምድር ጦር አለን፣ እንተባበር የሚል ሐሳብ ነው። መልእክተኛዋ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበር።

የማቴዎስ ጉዞ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል። በ1512 ሕንድ ጎዋ ደረሰ። ወደ ፖርቱጋል ሲወስዱት የመርከብ አዛዦቹ ሰላይ ነህ ብለው በሰንሰለት አሰሩት። በ1514 ሊዝበን ሲገባ ንጉሡ በክብር ተቀበለውና ያሰሩትን አሰራቸው። የመልሱ ጉዞም ተጓተተ፤ አብሮት የተላከው አምባሳደር በ1517 ቀይ ባሕር ላይ ሞተ። ማቴዎስ ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው። ከወር በኋላ፣ ቤተ መንግሥቱን ሳያይ፣ ደብረ ቢዘን አካባቢ አረፈ። ለአንድ ደብዳቤ 10 ዓመት ያህል!

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ልጁ አድጓል። ልብነ ድንግል የአዳሉን ማሕፉዝን አሸንፏል፣ የማንም እርዳታ የሚያስፈልገው አልመሰለውም። እንግዶቹን ለዓመታት አቆያቸው፣ የእሌኒ ሐሳብም ወደ ጎን ተባለ። እሷ በ1522 ገደማ፣ እነአልቫሬዝ ገና አገር ውስጥ እያሉ ሞተች። ለቅሶው ከባድ እንደነበር፣ ትልቁም ትንሹም መጠለያውን እንዳጣ እንደተሰማው ቄሱ ጽፎታል።

ጎጃም እነብሴ ያሠራችው መርጡለ ማርያም በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ፤ በኋላ በ1600ዎቹ ኢየሱሳውያን በቦታው የሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ እስከዛሬ ይታያል። «ሆኅተ ብርሃን» እና «እንዚራ ስብሐት» የተባሉ የግዕዝ የምስጋና ድርሰቶችም የእሷ ናቸው ይባላል። የገራድ መሐመድ ልጅ፣ በግዕዝ!

ልብነ ድንግል በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ተሸነፈ፣ ከዚያ እስኪሞት ድረስ ከአምባ አምባ ሲሸሽ ኖረ። መርከብ አላችሁ የተባሉት ፖርቱጋሎች በ1541 ምጽዋ ወረዱ፤ 400 ወታደር ይዘው፣ አዛዣቸው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው። እሌኒ ከሞተች 20 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር።