የንጉሥ ኪስና የመንግሥት ካዝና ይለያይ ያሉት የድሬዳዋው ነጋድራስ

ለገሃር ፊት ለፊት ስንት ጊዜ አልፈናል? ቆጥረንም አንዘልቀው። ከ100 ዓመት በፊት በዚያ ባቡር የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ ቀረጥ በኃላፊነት የያዙት ሰው፣ ስለ መንግሥት ሥልጣን ልክ በአማርኛ ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ መሆናቸውን ግን እኛም የሰማነው ቆይተን ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላሉ። ድሬ ላይ ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው የምንለው፤ ዛሬ ግን አንቱ ብለን እናውራ።

በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ፣ ማይ ምሻም ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ መጣ። ከዘመድ ጋር ወደ ኤርትራ ተሰደው ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ ከምጽዋ በመርከብ ኦስትሪያ ደረሱ፤ እዚያም አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው። ጀርመን ሀገርም ሕክምና አጠኑ።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ የአጤ ምኒልክን ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በ1899 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ከተላኩት መልእክተኞች ጋርም ሄደዋል። ንጉሡ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ሲታመስ ግን ከሀገር ወጥተው ሱዳን ቆዩ።

አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚለው ጽሑፋቸው በ1912 እ.ኤ.አ. አስመራ ታተመ። እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የንጉሡ የግል ገንዘብ የቱ እንደሆነ፣ የመንግሥቱስ የቱ እንደሆነ የሚለይ መስመር አልነበረም። ባላገሩ ዘንድሮ ስንት እንደሚገብር በቅጡ አያውቅም፤ ወታደር ቤቱ ድረስ መጥቶ ይቀለብበታል። ዳኛው ደግሞ እንደ ሰዉ ማንነት ይፈርዳል። ገብረ ሕይወት ታዲያ ምን አሉ? የንጉሡ ገቢ ከመንግሥት ካዝና ይለይ። ግብሩ ተቆርጦ ይታወቅ፣ በገንዘብም ይከፈል። ሕግ ተጽፎ ለሁሉም እኩል ይሥራ። ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን የጌቶችን እጅ የሚይዝ ሐሳብ ነበር።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሰውየው ምርጫና ፓርላማ ይኑር ብለው የተሟገቱ አልነበሩም። ተስፋቸውን የጣሉት ሀገሩን በሚለውጥ ብርቱና አዋቂ ንጉሥ ላይ ነው፤ ምሳሌያቸውም ጃፓን ነበረች። ያም ሆኖ ብርቱው ንጉሥ ራሱ ሊያልፈው የማይገባ መስመር እንዲኖር ፈልገዋል።

ከልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድ በኋላ ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆኑ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስነት ተሰጣቸው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴው አለቃ፣ የጉምሩኩም ሹም ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ስለሆነ ከተማዋ ገና ልጅ ነበረች፤ ግን ቡናውና ቆዳው ወደ ጅቡቲ የሚወጣው፣ ጨርቁም ወደ መሀል ሀገር የሚገባው በሷ በኩል ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱና ዓረቡ እዚሁ ከሀገሬው ጋር ይነግዳል። የቀረጥን ነገር ለድሬ ሰው ማን ያስረዳዋል! እንዲህ ያለ ወንበር ኪስን ለመሙላት የሚመች ነው፤ ያንን ወንበር የያዙት ግን ኪስና ካዝና ይለያይ ብለው የጻፉት ሰው ነበሩ።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የሚለው ሁለተኛ መጽሐፋቸው የገበያውን ነገር አብጠርጥሮ ያሳያል። በየኬላው የሚቆመው ቀራጭ ንግድን እንዴት እንደሚያንቅ፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሀገርም እንዴት እንደሚደኸይ ያስረዳል። እሳቸው ግን ታትሞ አላዩትም። በ1911 ዓ.ም.፣ ገና በ33 ዓመታቸው አረፉ። መጽሐፉ አዲስ አበባ ላይ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሥልጣኑ በንጉሡ እጅ እንዳለ ቢቀርም፣ ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይታሰር፣ ቤቱ እንዳይበረበር፣ የመንግሥት ገንዘብም በዓመት በጀት እንዲወጣ በጽሑፍ ሰፈረ። ነጋድራሱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድመው የጠየቁት የተጻፈ ሕግና የታወቀ ሒሳብ እንግዲህ ወረቀት ላይ ወረደ። ከወረቀት ወደ ኑሮ የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ገናም አላለቀም።

ለዚህ ነው ታሪካቸውን ዛሬ ያነሳነው። ግብር ከፍለን ደረሰኝ ስንጠይቅ፣ ገንዘቡ የት ገባ ስንል፣ በየትኛው ሕግ ብለን ሹምን ስንሞግት አዲስ ነገር ያመጣን ሊመስለን ይችላል። አይደለም። ጥያቄው ድሬ ላይ ቢሮ የነበራቸው የአንድ ወጣት ሹም ጥያቄ ነው። ከአያቶቻችሁ ስለ ነጋድራሱ የሰማችሁ ካላችሁ ጻፉልን፤ በለገሃር በኩል ስታልፉም ስማቸውን አንዴ አንሱልን።