ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሰው ፈቃድ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የሚኖር ገበሬ ዝናሙን ሊያዘንም አይችልም፤ ነገር ግን በሬውን ጠምዶ ማረስ ወይም እጁን አጣጥፎ መቀመጥ በፈቃዱ ነው። በሰው ላይ የሚደርሰው ነገር ሁሉ በእጁ አይደለም፤ ከደረሰበት በኋላ የሚሠራው ሥራ ግን የራሱ ነው። ይህንም ጎጃምን ከገዙት ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ታሪክ እንማራለን።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አስቀድሞ ስማቸው ራስ አዳል ተሰማ ነበረ። በ1873 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡአቸው። በሁለተኛው ዓመት፥ በ1874 ዓ. ም.፥ ከዓባይ ማዶ ስላለው አገር ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ እምባቦ ላይ ተዋጉ። በዚያም ድል ሆኑ፤ ቈስለውም ተማረኩ። በኋላ ግን ተለቀው ወደ ጎጃም ተመለሱ።

በ1880 ዓ. ም. ደግሞ ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ሳር ውኃ በተባለው ስፍራ ድል ነሡአቸው፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ይህን መከራ ንጉሡ አልመረጡትም። ከዚያ በኋላ ግን ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ ተማክረው በዐፄ ዮሐንስ ላይ ሸፈቱ፤ ይህንስ ራሳቸው መረጡ። ዐፄ ዮሐንስም ተቈጥተው ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ ሠራዊታቸውም የድኻውን እህልና ከብት ፈጀ። ገበሬው በምክሩ አልነበረበትም፤ ዕዳውን ግን እርሱ ከፈለ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ. ም. መተማ ላይ ዐረፉ፤ ምኒልክም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

በ1888 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሌላ ምርጫ ቀረበላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀድሞ እምባቦ ላይ የማረኳቸው ሰው ነበሩ። ቂማቸውን ቢያስቡ ኖሮ ከዘመቻው ለመቅረት ምክንያት አያጡም ነበር። እርሳቸው ግን የጎጃምን ጦር አስከትለው ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀንም ዐድዋ ላይ ከማረኳቸው ሰው ጋራ ባንድነት ተዋግተው ድል አደረጉ። በ1893 ዓ. ም. ዐረፉ።

ልጆች ሆይ፥ ሰው ባጠፋ ጊዜ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው ብሎ ማመካኘት ይወዳል። ነገር ግን ያው አንዱ ሰው አንድ ጊዜ ሲሸፍት፥ ሌላ ጊዜ ቂሙን ሲተው አየን። መሸነፍ ሳንፈቅድ ይደርስብናል፤ ቂም መያዝና ቂም መተው ግን በፈቃዳችን ነው። የመረጥነውም ነገር ለጎረቤታችን ጭምር ስለሚተርፍ፥ ከመምረጣችን በፊት እናስብ።