ሐዲስ ዓለማየሁ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ (1902 – 1996 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ መምህር፣ አርበኛ፣ ዲፕሎማትና ደራሲ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው ልብ ወለዳቸው ነው።

ልደትና ትምህርት

የተወለዱት በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በምትገኘው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። አባታቸው ቄስ ነበሩ። የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በድማ ጊዮርጊስ ነው። ድማ በቢቸና አካባቢ፣ ደብረ ወርቅ ደግሞ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ።

በቅኔ ቤት ተማሪው ግሥ እያወረደ የግዕዝ ቃላትን ያጠናል፤ በአገባብ የዐረፍተ ነገርን ሥርዓት ይማራል፤ ከዚያም የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅም ከሰሙ ሥር ያለውን ወርቅ ካላገኘ ቅኔው ገብቶታል አይባልም።

ሐዲስ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይሰጥበት በነበረው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ።

ሥራ

ወደ ጎጃም ተመልሰው በመምህርነት አገልግለዋል። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ ቀጥሎም የትምህርት ሚኒስትርና በለንደን አምባሳደር ሆነዋል። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» እና «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተባሉትን መጻሕፍት አሳተሙ።

ፍቅር እስከ መቃብር

የልብ ወለዱ ዋና ታሪክ የሚፈጸመው ደራሲው በተማሩባት በድማ ነው። የማንኩሳው በዛብህ የድኃ ልጅ ቢሆንም በትምህርቱ የተመሰገነ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምርላቸው ያስገቡታል። መምህርና ተማሪ ይዋደዳሉ፤ ነገር ግን ፊታውራሪ ልጃቸውን ለማስተማር የመረጡትን ሰው ለትዳርዋ አይመርጡትም፤ የዘር ሐረጉ አይመጥናትምና። ዕውቀት የቤቱን በር ቢከፍትለትም ከቤተሰቡ አላስቆጠረውም። የሁለቱም መጨረሻ አሳዛኝ ነው።

መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በመተረኩ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎችም ደርሷል። ወደ እንግሊዝኛም ተተርጉሟል። ሐዲስ ከዚያ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ «የልምዣት» እና «ትዝታ» የተባሉትን መጻሕፍት ጽፈው በኅዳር 1996 ዓ.ም. አርፈዋል።