በአምስት ቁልፍ የተጻፈ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ ታሪክ

በቴሌግራፍ የሚተላለፍ መልዕክት ተቀባዩ ጣቢያ ሲደርስ በፊደል ታትሞ እንዲወጣ ካስቻሉት ሰዎች መካከል የፈረንሳይ ፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበሩት ኤሚል ቦዶ አንዱ ናቸው።

ቦዶ እ.ኤ.አ በ1845 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ማኞ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። መደበኛ ትምህርታቸው ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። እ.ኤ.አ በ1869 በለማጅ የቴሌግራፍ ኦፕሬተርነት የመንግሥት ሥራ ጀመሩ።

በሥራ ገበታቸው ያገኙት ማሽን ዴቪድ ሂዩዝ የፈለሰፉት፣ እንደ ፒያኖ የተደረደሩ 28 ቁልፎች ያሉት ማተሚያ ቴሌግራፍ ነበር። ማሽኑ ፊደል ቢያትምም አንዱን መስመር ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ ያውል ስለነበር፣ በብዙ ወጪ የተዘረጋው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ ይቆይ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የቦዶን ሐሳብ ቢያበረታታም በጀት አልመደበላቸውም። ጥናቱን ያካሄዱት ከሥራ ሰዓት ውጪ ሲሆን እ.ኤ.አ በ1874 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ።

በእርሳቸው ዘዴ እያንዳንዱ ፊደል በአምስት ምልክቶች ይወከላል። የምልክቶቹ መኖርና አለመኖር ሲቀናጅ 32 የተለያዩ ውክልናዎች ይገኛሉ። ኦፕሬተሩ በግራ እጁ ሁለት፣ በቀኙ ሦስት ቁልፎች ይጫናል። የሚሽከረከር ማከፋፈያ ደግሞ አንዱን ሽቦ ለአራት ወይም ለስድስት ኦፕሬተሮች በየተራ ያድላል። ተራውን የሚያበስረውን ድምፅ ጠብቆ ቁልፉን መጫን የግድ በመሆኑ ሥራው ረጅም ልምምድ ይጠይቅ ነበር።

ማሽኑ እ.ኤ.አ በ1877 በፓሪስና በቦርዶ መካከል አገልግሎት ላይ ዋለ። በቀጣዩ ዓመት በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ፈልሳፊውም በ1882 ወደ መሐንዲስነት ደረጃ አደጉ።

ክብሩ ግን ያለ ክርክር አልመጣም። የዚያው መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበሩት ሉዊ ሚሞ ፈጠራው የእኔ ነው በማለት ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ የሚሞን ቀዳሚነት ቢቀበልም ውሳኔው በኋላ ተሽሯል። በቦዶ ስም ብቻ የሚጠራው ኮድ የባለቤትነት ክርክር ተነሥቶበት እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ቦዶ እ.ኤ.አ በ1890 ትዳር ቢመሠርቱም ባለቤታቸው በወራት ውስጥ በሞት ተለዩአቸው። እርሳቸውም በ1903 በ57 ዓመታቸው በፓሪስ አቅራቢያ አረፉ። የምልክት ማስተላለፊያ ፍጥነት መለኪያ የሆነው ቦድ እ.ኤ.አ በ1926 በስማቸው ተሰየመ።

ባለ አምስት ምልክቱ አሠራር በኋላ ለቴሌፕሪንተርና ለቴሌክስ መሠረት ሆኗል። ለላቲን ፊደል የተመጠኑት 32 ውክልናዎች በእጥፍ ቢሠራባቸው እንኳ ለ33ቱ የአማርኛ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም ለ231 ቅርጾች፣ የሚበቁ አልነበሩም። ለዚህ ችግር መላ የፈለጉት የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲስ የነበሩት ተረፈ ራስወርቅ ሲሆኑ፣ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በእርሳቸው ጥረት ተሠርቷል።