ጆን ቦይድ ደንሎፕ፤ ጎማን የፈተነው የእንስሳት ሐኪም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ በየከተማው ዳር ጎማ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሱቆችን ሳያይ አያልፍም። በየደጃፉ ከተደረደሩት ጎማዎች መካከል ደንሎፕ የሚል ስም በጎናቸው የታተመባቸው ይገኛሉ። ይህ ስም ለብዙው ሰው የፋብሪካ ምልክት ከመሆን አያልፍም። ዳሩ ግን ደንሎፕ በሥጋ የኖረ ሰው ነበረ፤ እንዲያውም መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ሳይሆን የእኛው የሙያ ባልደረባ፣ የእንስሳት ሐኪም ነበረ።

በ2014 የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ለፈጣን አውቶሞቢል የሚመች ጎዳና በደጃችን ተገኝቷል። ከማኅበራችን አባላት መካከልም ጉልበት ያለው ሞተር ለተገጠመለት መኪና የትኛው ጎማ እንደሚሻል የሚከራከሩ አይጠፉም። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ ስም ይጀመርና በፋብሪካ ስም ያልቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያ ስም ባለቤት የነበረውን ሰው ሕይወት ባጭሩ መተረክና እርሱ ጎማን የመረጠበት መንገድ ለእኛ ምርጫ ምን እንደሚጠቅም ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ በየካቲት ወር 1840 በስኮትላንድ፣ ድሬጎርን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በኤድንበራ ከተማ በሚገኘው ስመ ጥሩው የዲክ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ ገና በ19 ዓመቱ ለሙያው በቃ። በአገሩ ለተወሰኑ ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻገረ። በዳውንፓትሪክ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር የእንስሳት ክሊኒክ አቋቋመ፤ ቆየት ብሎም በቤልፋስት ከተማ በሜይ ጎዳና የራሱን ሥራ ከፈተ። በ1871 ማርግሬት ስቲቨንሰንን አግብቶ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈራ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ላይ የደንሎፕ ክሊኒክ በአየርላንድ ከሚገኙት ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ለመሆን በቃ።

በዚያ ዘመን የከተማ መጓጓዣ በፈረስ ላይ የቆመ ነበረና የእንስሳት ሐኪም ኑሮ ከመንገድ ጋር የተቆራኘ ነበር። ሐኪሙ በጋሪ ወደ በሽተኛው ይሄዳል፤ የብረት መንኰራኩሩ በጥርብ ድንጋይ ላይ ሲንከባለል የሚፈጥረው ንቅናቄ ተሳፋሪውን ያደክማል፣ የሚጎትተውንም ፈረስ ጉልበት ያባክናል። ለብስክሌቶች ድፍን ላስቲክ መልበስ ተጀምሮ የነበረ ቢሆንም ድፍኑ ላስቲክ የመንገዱን ጉብታ ለመዋጥ ብዙም አልረዳም።

በጥቅምት 1887 የደንሎፕ ልጅ ጆኒ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በቤልፋስት ጥርብ ድንጋይ ላይ ሲነዳ መንገጫገጩ ያስቸግረው ነበር። አባትየው ለዚህ መፍትሔ ሲፈልግ ከስስ ላስቲክ ቱቦ ሠራ፤ ቱቦውን 96 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ እንጨት ዙሪያ አድርጎ በጨርቅ ጠቀለለውና አየር ሞላው። ከዚያም ያደረገው ነገር ከፈጠራው ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። ሥራውን ዓይቶ በመደሰት ፈንታ ፈተነው። የብስክሌቱን መንኰራኩርና የራሱን ክብ እንጨት ተራ በተራ በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። የብስክሌቱ መንኰራኩር የግቢውን ርዝመት ሳይፈጽም ወደቀ። አየር የተሞላው ግን ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የበሩን ምሰሶ ገጨና ተመልሶ ነጠረ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። ደንሎፕ ይህን ሙከራ ያደረገበት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 1880 ዓ.ም. ነበር። ያ ወቅት በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የኢትዮጵያን በሬና ላም መፍጀት የጀመረበት፣ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን የጠባበት ነው። በአንድ ዘመን በቤልፋስት አንድ የእንስሳት ሐኪም መንኰራኩርን በአየር ላይ ሲያስኬድ በአገራችን ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ያን ጊዜ ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም፤ በኋላ ግን እንደሚገናኙ በመጨረሻ እናያለን።

ደንሎፕ አዲሶቹን ጎማዎች በልጁ ብስክሌት የኋላ እግሮች ላይ ገጥሞ በየካቲት 1888 መጨረሻ አስነዳው። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ በመገኘቱ በሐምሌ ወር የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በታኅሣሥም ተፈቀደለት። የሚቀረው ሕዝብን ማሳመን ነበር። ይህን ያደረገለት ዊሊ ሂዩም የተባለ የቤልፋስት ብስክሌት ጋላቢ ነው። ሂዩም በግንቦት 1889 በኩዊንስ ኮሌጅ የስፖርት በዓል ላይ በአየር ጎማ ተወዳድሮ የገባባቸውን አራት ውድድሮች በሙሉ አሸነፈ። ወፍራሙን ጎማ ዓይቶ ሲስቅ የነበረው ተመልካች ሳቁን አቆመ። በዚያ ቀን ከተሸነፉት መካከል የደብሊኑ ባለሀብት የሃርቪ ዱ ክሮ ልጆች ይገኙባቸው ነበርና፣ አባትየው የነገሩን ጥቅም ወዲያው ተረድቶ በዚያው ዓመት ኩባንያ አቋቋመ። ደንሎፕም መብቱን አስተላልፎ የኩባንያው ባለ አክሲዮን ሆነ።

ብዙ ሳይቆይ ያልታሰበ ነገር ደረሰ። ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ገና በ1845፣ በ23 ዓመቱ፣ በአየር የተሞላ ጎማን ፈልስፎ መብቱን አስመዝግቦ እንደነበረ ታወቀ። የቶምሰን ጎማ በለንደን በፈረስ ሠረገላ ላይ ተሞክሮ አንዱ ጥንድ 1,200 ማይል ያህል ተጉዞ ነበር። ነገር ግን ብስክሌትም አውቶሞቢልም በሌለበት፣ ላስቲክም ውድ በነበረበት ዘመን ፈላጊ አላገኘምና ተረሳ። በዚህ ምክንያት የደንሎፕ መብት በ1890 ዋጋ አጣ። ኩባንያው የተረፈው ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጥብቀው የሚይዙ የሌሎች ሰዎችን ፈጠራዎች ገዝቶ በመጠቀሙ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መልካም ጎማ ማለት ለዘመኑ ተሽከርካሪ፣ ለመንገዱና ለጭነቱ የተስማማ እንጂ በራሱ መልካም የሆነ ነገር አለመሆኑን ነው። የቶምሰን ጎማ ጥፋት አልነበረበትም፤ የሚስማማው መኪና ገና አልተወለደም ነበር።

ደንሎፕ ከኩባንያው አመራር ጋር ስላልተስማማ በ1895 ሥራውን ለቀቀ፤ አብዛኛውንም አክሲዮን ሸጠ። በተከታዩ ዓመት ኩባንያው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ ገዢውም ወዲያው በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለባለ አክሲዮኖች መልሶ አቀረበው። ከዚህ ሀብት ለደንሎፕ የደረሰው እጅግ ትንሽ ነበር። ቀሪ ዕድሜውን በደብሊን፣ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ውስጥ ድርሻ ይዞ በጸጥታ ኖረ። በሸመገለ ጊዜ ስሙን የያዘው ኩባንያ በማስታወቂያው ላይ እርሱን እንደ ከተሜ ቅምጥል አልብሶ የሚያሳይ ሥዕል በማውጣቱ ቅር ተሰኝቶ ክስ መሠረተ፤ ነገሩም እስከ ለንደኑ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ስሙን የሸጠ ሰው መልኩ እንዳይቀየርበት መሟገቱ ነበር። በጥቅምት 1921 በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ደንሎፕ የሠራው ለብስክሌት ነው። የአየርን ጎማ ወደ አውቶሞቢል ያሸጋገሩት የፈረንሳይ ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሽለን ናቸው። በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር፣ ጎማው ደጋግሞ እየተነፈሰባቸው፣ መንገዱን እስከ መጨረሻው ተጉዘዋል። በ1946 ደግሞ የእነርሱ ኩባንያ የሸራ ክሮቹ ከዳር ወደ ዳር የተዘረጉበትን ራዲያል ጎማ አስመዘገበ። ዛሬ በፈጣን አውቶሞቢሎች ላይ የሚገጠመው ይህ ዓይነቱ ነው።

እንግዲህ የደንሎፕን የግቢ ሙከራ ወደ ራሳችን ምርጫ እናምጣው። ጎማን በጎኑ ላይ ከታተመው ስም ይልቅ በስሙ አጠገብ ያሉት ቁጥሮች ይገልጹታል። ለምሳሌ 225/45 አር 17 94 ደብልዩ የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ የጎማው ስፋት 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ አሠራሩ ራዲያል፣ የቸርኬው ልክ 17 ኢንች ነው ማለት ነው። 94 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ግራም ሊሸከም እንደሚችል ያመለክታል። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ወሰኑ ነው፤ ቲ በሰዓት 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270 ኪሎ ሜትር። መንገዳችን ከ120 በላይ አይፈቅድምና ይህ ምን ያደርግልናል የሚል ሰው ይኖራል። ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋምም የሚያመለክት ነው። ስለሆነም የመኪናው ፋብሪካ ካዘዘው የፍጥነት ፊደልና የጭነት ቁጥር በታች የሆነ ጎማ መግጠም አይገባም።

ጎኑ አጭር የሆነ ሰፊ ጎማ ለመሪ ፈጥኖ ይታዘዛል፤ በኩርባም ላይ መኪናውን አጽንቶ ይይዛል። ይሁን እንጂ ከፍጥነት መንገዱ ወጥቶ ወደ ኮረኮንች ወይም ወደ ተቦረቦረ አስፋልት ለሚገባ ሰው ያው አጭርነት ቸርኬውን ያስመታል፣ ጎማውንም በጎኑ ያስቀድዳል። ለስላሳ ላስቲክ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ጥልቅ ጥርስ በክረምት ጎርፍ ላይ ውኃውን ከሥሩ ገፍቶ ያስወጣል፤ ሊሾ የሆነ ጎማ ግን በውኃው ላይ ይንሳፈፍና መሪውም ፍሬኑም ከንቱ ይሆናሉ። የተሠራበትን ጊዜ የሚያመለክቱትን አራት ቁጥሮች መመልከትም ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ዓመቱን ይነግራሉ። በቆላ ፀሐይ በሱቅ ደጃፍ ለዓመታት የተሰቀለ ጎማ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደንሎፕ ለጎማው የሰጠው ነገር፣ ማለት አየሩ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስንወርድ የከባቢ አየሩ ክብደት ስለሚጨምር፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን ኖሮ መለኪያው አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ዝቅ ብሎ ይነበብ ነበር። በአንጻሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ንባቡ ከአንድ እስከ ሁለት ፒ.ኤስ.አይ. ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመንገድ የደረሰ ትኩስ ጎማ የሚሰጠው ቁጥር ያሳስታል። ጎማው ሞቆ ሳለ አየር ማስተንፈስ፣ ሲበርድ ከልኩ በታች ማድረግ ነው፤ አየር ያነሰው ጎማ ደግሞ ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ከመጠን በላይ ይግላል፣ በፍጥነትም ላይ ሳለ ሊፈነዳ ይችላል። አዳማ አድሮ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድ ሰው በማለዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በፋብሪካው ትእዛዝ መሠረት ቢያስሞላ ከብዙ አደጋ ይድናል።

አሁን ወደ ተውነው ነገር እንመለስ። በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚያመርተው ክትባት በበረዶ ሣጥን ታሽጎ በመኪና ተጭኖ እስከ አርብቶ አደሩ መንደር ተጓዘ። የደስታ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2011 በታወጀ ጊዜ፣ ያን ድል ካስገኙት ነገሮች መካከል ሳይበላሽ የደረሰው ክትባትና በአየር ጎማ ላይ የሄደው መኪና ይቆጠራሉ። የቤልፋስቱ ሐኪም ለልጁ ምቾት የጀመረው ሥራ በ1880 ዓ.ም. ለተጎዳው ገበሬ ልጅ ልጆች ደረሰ።

ደንሎፕ ከሥራው ሀብት አላገኘም፤ ስሙም ከእጁ ወጣ። የቀረለትና ማንም ሊወስድበት ያልቻለው፣ ነገርን ከማመኑ በፊት በግቢው ውስጥ አንከባልሎ የማየት ልማዱ ነው። አንድ ፈጣን አውቶሞቢል ከነተሳፋሪዎቹ መንገዱን የሚነካው እያንዳንዳቸው ከሰው መዳፍ ብዙ በማይበልጡ አራት ቦታዎች ነው። ስለ እነዚያ አራት መዳፎች ሲወሰን፣ በስም ከመከራከር ይልቅ እንደ ባልደረባችን ቁጥሩን አንብቦ፣ መንገዱን አስቦ፣ አየሩን ለክቶ መምረጥ ለሙያችንም ለሕይወታችንም የሚገባ ነው።