ሱዛን ላንግሌንና የስፖርተኛ ጉልበት ዋጋ

ስፖርት ከኅብረተሰብ የኑሮ ሂደት ተነጥሎ በራሱ የሚቆም ነገር አይደለም። በመጫወቻ ሜዳ ላይ ማን እንደሚጫወት፣ ማን ቆሞ እንደሚመለከትና ገቢውን ማን እንደሚሰበስብ በጥሞና ለመረመረ ሰው ሜዳው የዚያን ኅብረተሰብ የመደብ አሰላለፍ የሚያሳይ መስተዋት ነው። በሜዳ ቴኒስ ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ የያዘችው የፈረንሳዊቷ የሱዛን ላንግሌን ሕይወት ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱዛን በ1899 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደች። አባቷ ሻርል ላንግሌን የፈረስ ሠረገላ ማመላለሻ ድርጅት ከቤተሰቡ የወረሰ ባለ ሀብት ስለነበረ፣ ከጭቁኑ መደብ ወገን ነበረች ማለት አይቻልም። በልጅነቷ ጤንነቷ ደካማ ነበር። አባቷ ሰውነቷን እንድታጠነክርበት በማሰብ በ1910 ዓ.ም. ራኬት ገዛላት። ከዚያም የታላላቅ ተጫዋቾችን አመታት እያጠና፣ በሜዳው ላይ ምልክት እያኖረ ኳሱን በዚያው ላይ እንድታሳርፍ ያለ ዕረፍት አሠለጠናት። ተመልካቹ ኋላ እንደ ተፈጥሮ ስጦታ አድርጎ ያደነቀው ቅልጥፍና የረጅም ዘመን ድካምና ላብ ውጤት ነበር።

በ1914 ዓ.ም. በ15 ዓመቷ በፓሪስ አቅራቢያ በሳን ክሉ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈች። በዚያው ዓመት የከበርቴ መንግሥታት የዓለምን ገበያና ቅኝ ግዛት ለመቀራመት የለኮሱት ጦርነት ፈነዳ፤ ታላላቆቹ ውድድሮችም ተቋረጡ። ጦርነቱ አብቅቶ በ1919 ዓ.ም. የዊምብልደን ውድድር እንደገና ሲጀመር፣ ሱዛን ሰባት ጊዜ አሸናፊ የነበረችውን እንግሊዛዊት ዶሮቴያ ላምበርት ቻምበርስን ገጠመች። ሁለት ጊዜ ለመሸነፍ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርቷት ሳለ ተቋቁማ፣ 10 ለ8፣ 4 ለ6 እና 9 ለ7 በሆነ ውጤት ረታች።

በዚያን ዕለት ያስገረመው ውጤቱ ብቻ አልነበረም። የጨዋ ቤተሰብ ሴት ወገቧን በጥብቅ ታስራ፣ በረጅም ቀሚስ ተሸፍና እንድትጫወት ይጠበቅ በነበረበት ዘመን፣ ሱዛን እጅጌው ባጠረና እስከ ባቷ ብቻ በሚደርስ ቀሚስ እንደ ልቧ ሮጠች። በጦርነቱ ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአውሮፓ ሴቶች በፋብሪካ ተሰልፈው ነበርና፣ የሴት አካል ለሥራና ለእንቅስቃሴ የተፈጠረ መሆኑን አሮጌው ልማድ ከእንግዲህ ሊክድ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ የዊምብልደንን የነጠላ ውድድር በጠቅላላው ስድስት ጊዜ አሸነፈች። በ1920 ዓ.ም. በአንትወርፕ ኦሊምፒክ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። በዚያን ጊዜ በኮምፒዩተር የሚሰላ የደረጃ ሠንጠረዥ ባይኖርም፣ የጋዜጣ ባለሙያዎች በሚያወጡት ዝርዝር ላይ የመጀመሪያውን ስፍራ ይዛ ቆየች። እሷን ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ የዊምብልደን ውድድር በ1922 ዓ.ም. ወደ ሰፊ ስፍራ ለመዛወሩ አንዱ ምክንያት እሷ እንደነበረች ይነገራል።

እዚህ ላይ መሠረታዊው ቅራኔ ይገለጣል። የትኬቱን ገንዘብ ክለቦችና ማኅበራት ሲሰበስቡ፣ ተጫዋቹ በአማተር ደንብ ታስሮ ዋንጫ ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ደንቡ የስፖርትን ንጽሕና ይጠብቃል ቢባልም፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ ሊለማመድ የሚችለው ባለ ንብረት ብቻ ስለሆነ በተግባር የወዛደሩን ልጅ ከሜዳ የሚያግድ አጥር ነበር። ሱዛንም ራሷ ከአጥሩ ውስጥ ሆና ይህንኑ በአደባባይ ተቃወመች።

በየካቲት 1926 ዓ.ም. በካን ከተማ አሜሪካዊቷን ሄለን ዊልስን 6 ለ3 እና 8 ለ6 ስታሸንፍ ትኬት ያጣው ሕዝብ ጣራና ዛፍ ላይ ወጥቶ ተመለከተ። በዚያው ክረምት በዊምብልደን በጨዋታ ሰዓት ምክንያት በተነሣ አለመግባባት ንግሥቲቱን አስጠበቀች ተብላ ስትወቀስ ውድድሩን ትታ ወጣች። ወዲያውም ቻርልስ ፓይል ከተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ጋር በ50 ሺህ ዶላር ተዋውላ በሙያዋ የምትከፈል ተጫዋች ሆነች። በጥቅምት ወር በኒው ዮርክ የተጀመረው ጉዞ በየከተማው ሲቀጥል፣ ከሜሪ ብራውን ጋር 38 ጊዜ ተጋጥማ ሁሉንም አሸነፈች። የታላላቆቹ ውድድሮች በር ግን ተዘጋባት፤ ነጋዴውም በ1927 ዓ.ም. ጉዞው ሲያበቃ ሥራውን ተወው።

የሱዛን ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የትግል ስልቷ ግን የግል ነበር። ከክለቦች ቁጥጥር ወጥታ በአንድ ነጋዴ እጅ ገባች። ድሉን የሚጠብቅ የተደራጀ ኃይል ከጀርባዋ አልነበረም። በኋላ በፓሪስ የቴኒስ ትምህርት ቤት ከፍታ ስታስተምር ቆይታ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1938 ዓ.ም. በደም ማነስ ሕመም በ39 ዓመቷ አረፈች።

በር የተከፈተው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በ1968 ዓ.ም. ዊምብልደን ለተከፋይ ተጫዋቾች ሲፈቀድ ለወንዱ አሸናፊ 2,000 ፓውንድ፣ ለሴቷ 750 ፓውንድ ተሰጠ። ሴቶቹ ግን በዚህ ጊዜ በተናጠል አልቆሙም። በ1970 ዓ.ም. ዘጠኝ ተጫዋቾች በሂዩስተን እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ውል ፈርመው በአንድነት ተነሡ፤ በ1973 ዓ.ም. በቢሊ ጂን ኪንግ መሪነት ማኅበራቸውን በለንደን መሠረቱ። የአሜሪካው ውድድር በዚያው ዓመት እኩል ሽልማት ሲሰጥ፣ ዊምብልደን እስከ 2007 ዓ.ም. አዘገየው።

ዛሬ በፓሪስ የሚሸለመው የሴቶች ዋንጫ የሱዛንን ስም ይዟል። ትግሉ ግን አልተጠናቀቀም፤ ከሠንጠረዡ አናት ያሉት ጥቂቶች ሲበለጽጉ ከታች ያሉት የጉዞ ወጪያቸውን ለመሸፈን ይቸገራሉ። አንድ ሰው ምንም ያህል ብቃት ቢኖረው ለብቻው በሩን ያንኳኳ እንደሆነ እንጂ ከፍቶ ሊያቆየው አይችልም። በሩን ከፍቶ የሚያቆየው የተደራጀ ክንድ ነው።