ማዕድን ሊማሩ ሄደው ሠዓሊ የሆኑት አፈወርቅ ተክሌ

የማኅበራችንን ሒሳብ ስሠራ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በተበላሸ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ቤት ትሥላለች። የአያቶቻችን የከምባታ ቤት ክብ ነው፤ እሷ ግን አራት ማዕዘን ሠርታ ጣሪያ ትደፋበታለች፣ በቃ። እሷን ሳይ አፈወርቅ ተክሌ ትዝ ይሉኛል።

በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ጦርነት ያፈረሰውን እያዩ አደጉ። 15 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላ። በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና የሕንጻ ንድፍ ተማሩ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ለአንድ ሥራ የተመደበ ገንዘብ ለሌላ ሲውል ደስ አይለኝም። ይህኛውን ግን አልፈዋለሁ።

አገር ቤት ተመልሰው ሥዕላቸውን ካሳዩ በኋላ እንደገና አውሮፓ ሄዱ። የመስታወት ሥዕል አሠራር አጠኑ፤ በውጭ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የብራና መጻሕፍታችንንም ሥዕሎች መረመሩ። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ባለቀለም መስኮቶች የእሳቸው ሥራ ናቸው። መኖሪያቸውንና የሥራ ቦታቸውን ቪላ አልፋንም ራሳቸው ነደፉት፤ የጎንደርን ግንብ ያስታውሳል።

በ2004 ዓ.ም. አረፉ።

ልጄ ባለፈው ሳምንት ቤቷ ላይ መስኮት ጨምራለች። አሁን ደግሞ ቀለም ግዢልኝ ትላለች፤ ከወር ቁጠባዬ ልቀንስ አልቀንስ እያሰላሁ ነው።